«ወራጅ አለ» ያለችው ትልቋ ናት

ባለፈው ፋሲካ ዘመድ ቤት ተጠርተን ነበር። ቤቱ ጢም ብሏል። ቴሌቪዥኑ ይጮኻል፣ ጀበናው ተጥዷል፣ ዕጣኑ ቤቱን አፍኖታል፣ ልጆች ከሶፋ ሶፋ ይዘላሉ። የ7 ዓመቱ ልጃችን ጥግ ይዞ ጆሮውን በሁለት እጁ ሸፍኗል። ድንገት ጮክ ብሎ «ወራጅ አለ!» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። «ታክሲ ውስጥ ያለ መሰለው እንዴ?» ያለም ነበር።

እህቱ አልሳቀችም። 11 ዓመቷ ነው። ዶሮዋን ገና መጀመሯ ነበር። «እንሂድ እያለ ነው» አለችኝ። እጇን በሶፍት ጠረግ ጠረግ አድርጋ ጫማውን አመጣች፤ ይዛው ወደ ግቢው ወጣች። ከኋላዋ ምርቃቱ ወረደ። «እንዴት ያለች ልጅ ናት! እሷን ሰጥቷችሁማል።» «እሷን ያቆይለት።» እኔም ደረቴ ተነፋ። ሳህኗ ላይ ግማሽ እንቁላል ደርቆ መቅረቱን ያየሁት ልንወጣ ስንል ነው።

ኦቲዝም ስላለበት ልጅ አሁን አሁን ብዙ ይወራል። ስለ እናቱም ይወራል፤ ይገባታልም። አጠገቡ ስለምታድገው እህት ወይም ስለሚያድገው ወንድም ግን ከምርቃት ያለፈ ነገር ብዙም አይሰማም። ምርቃቱን ጠጋ ብላችሁ ካያችሁት ደግሞ ውስጡ የሥራ ቅጥር አለበት። ልጅቷ አልፈረመችም፣ ደመወዝም የላትም። ግን ተቀጥራለች።

መጀመሪያ የታክሲውን ነገር ልጨርስ። ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ልጆች ንግግርን የሚይዙት ቃል በቃል ሳይሆን ጥቅል በጥቅል ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ከነዜማው፣ ከነቦታው ይቀረጽባቸዋል። ባለሙያዎች ኢኮላሊያ ይሉታል። ድሮ ትርጉም የሌለው ማስተጋባት ተደርጎ ይታይ ነበር። አሁን ብዙውን ጊዜ መልእክት እንዳለው ይታወቃል። የእኛ ልጅ ደግሞ ታክሲ ይወዳል። «ወራጅ አለ» ሲባል መኪናው ይቆማል፣ በሩ ይከፈታል፣ ሰው ይወጣል። ስለዚህ ከአንድ ቦታ መውጣት ሲፈልግ ያንኑ ይላል። «ሒሳብ!» ካለ እጁን ዘርግቶ ነው፤ የሆነ ነገር ስጡኝ ማለቱ ነው። «ጠጋ ጠጋ በሉ» ካለ ደግሞ ጎኑ ተቀምጣችሁ ጠበቅ አድርጋችሁ እንድትይዙት ይፈልጋል። ሌላ ሰው ሳይታሰብ ሲስመው ይጮኻል፤ በራሱ ጊዜ ሲሆን ግን መጨመቅ ያረጋጋዋል።

ይህን ሁሉ የፈታችው ትልቋ ናት። እኔና እናቱ ወራት ፈጅቶብን ነበር። እሷ «አባዬ፣ ታክሲ ውስጥ የሚባለውን እኮ ነው የሚለው» ስትለኝ ሶፋው ላይ ተዘርግቼ ስልኬን እያየሁ ነበር።

ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ፦ ኦቲዝም አንጎል ገና ከመነሻው በተለየ መንገድ ሲያድግ የሚመጣ ሁኔታ ነው። ከሰው ጋር መግባባትን፣ ድምፅና ብርሃን መቻልን፣ ለውጥ መቀበልን ይነካል። እንደ ጉንፋን አይጋባም። ከቅብጠት ወይም ከወላጅ ግዴለሽነት አይመጣም። ከክትባትም አይመጣም፤ ያን ወሬ ያስነሳው የ1998ቱ ጥናት በ2010 ካወጣው መጽሔት ላይ ተሰርዟል (እዚህ የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው)። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ ከ100 ልጆች 1 የሚያህለው ኦቲዝም እንዳለበት ሲገልጽ ቆይቷል። አሜሪካ ውስጥ በ2025 የወጣው ሪፖርት ደግሞ ከ8 ዓመት ልጆች መካከል ከ31 አንዱ ይላል። ልዩነቱን የሚፈጥረው በአብዛኛው ፈልጎ ማግኘትና አመዘጋገብ ነው። ልጆቹም እንደ ጣት ይለያያሉ። አንዱ እንደ ዜና አንባቢ ይናገራል። ሌላው በሕይወቱ አንድ ቃል ላይወጣው ይችላል።

አሁን ወደ ቤታችን ልውሰዳችሁ። ኮንዶሚኒየም ነው፤ 4ኛ ፎቅ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ትንሹ ይነሳል። ቢጫ ሹራቡን ካላገኘ ቀኑ አይጀመርም። ሹራቡ ከአንገቱ በኩል ያለው ጨርቅ ተቆርጦለታል፤ ይቆረቁረዋል። ቁርሱ ዳቦ ነው፣ ቅርፊቱ የተላጠ። ምሳው ፓስታ ነው፣ ያለ ስጎ። ስጎው ጠብ ካለበት ሳህኑ በሙሉ ተበላሽቷል። መብራት ጠፍቶ ከታች ያለው ሱቅ ጀነሬተር ሲያስነሳ ልጁ መሬት ላይ ይወድቃል። ጎረቤት «ቅብጠት ነው፣ አንድ ጊዜ ብትቆነጥጡት» ይላል። የሚቀብጥ ልጅ እያለቀሰም በጣቶቹ መሃል ያያችኋል፤ መስማታችሁን ያረጋግጣል። የተጨናነቀበት ልጅ ማንንም አያይም። እንደ ሞላ ጀሪካን ነው፤ ገንፍሎ እስኪወጣ ድረስ አያቆምም።

በዚህ ሁሉ መሃል ትልቋ ዩኒፎርሟን ለብሳ ቆማለች። የሹራቡን ቦታ የምታውቀው እሷ ናት። የፓስታውን ሳህን የምትለየው እሷ ናት። ጀነሬተሩ ሲነሳ በሩን የምትዘጋው እሷ ናት። ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት አንድ ሽፍት ሠርታለች ማለት ነው።

ለምን እሷ? እዚህ ላይ የቤታችንን ስንፍና አልሸሽግም፤ እመለስበታለሁ። ግን ነገሩ ከቤትም ይሰፋል።

አዲስ አበባ ውስጥ ለኦቲዝም ልጆች የተከፈተው የመጀመሪያው ማዕከል ጆይ ነው፤ በ2002 እ.ኤ.አ.። ያቋቋሙት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ከአሜሪካ ተመልሰው ለልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት ፈልገው ያጡ እናት ነበሩ። እሳቸው በአደባባይ ወጥተው ስለ ልጃቸው እስኪናገሩ ድረስ ብዙ ሰው ኦቲዝም የሚለውን ቃል ሰምቶ አያውቅም። ቀጥሎ ነህምያ መጣ፤ እሱንም የመሠረቱት ወላጆች ናቸው። እዩት እንግዲህ። ቦታውን የከፈተው ቦታ ያጣው ወላጅ ራሱ ነው። ወረፋው ምን ያህል እንደሆነ የጠየቀ ሁሉ ያውቃል። ከዋና ከተማው ውጭ ያለ ቤተሰብ ደግሞ በአብዛኛው የሚሰለፍበትም የለውም።

በ2016 የታተመ አንድ ጥናት ኦቲዝም ወይም ሌላ የአእምሮ ዕድገት ችግር ያለበት ልጅ ይዘው አዲስ አበባ ውስጥ ወደ ሁለት የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒኮች የሚመጡ 102 ወላጆችንና አሳዳጊዎችን ጠይቆ ነበር። ከሁሉ በላይ ምን ጎደላችሁ ሲባሉ ከ4ቱ 3ቱ «የልጄ ትምህርት» አሉ። ከሕክምናም ከገንዘብም በፊት። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ትምህርት ቤት የማይቀበለው ልጅ ቤት ይውላል። ቤት የሚውል ልጅ ሰው ያስፈልገዋል። እናት ሥራ ትለቃለች። የእናት ደመወዝ ሲቀር ሞግዚት መቅጠር አይቻልም። ቢቻልም ሠራተኛዋ ሁለት ሳምንት ቆይታ «እኔ ይህን አልችልም» ብላ ጓዟን ትሸክፋለች፤ አልፈርድባትም። ክፍተቱ አይጠፋም። ወደ ታች ይንከባለልና መጨረሻ ላይ የሚያርፈው ቤት ውስጥ ያለ፣ ክፍያ የማይጠይቅ፣ እምቢ ማለት ያልለመደ ሰው ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ትልቋ ሴት ልጅ ላይ። እኛ አገር የአንድ ልጅ መምህር፣ ሞግዚት፣ አስተርጓሚና ጥበቃ የሆነችው ሌላ ልጅ ናት ብል አጋነንክ የሚለኝ ካለ አንድ ቅዳሜ ቤቴ ይምጣ።

ስንፍናው ደግሞ ይህ ነው። አንድ ቀን ትንሹ የእህቱን የአካባቢ ሳይንስ ደብተር አንሶላ በአንሶላ ቀደደው። የወረቀት መቀደድ ድምፅ ይወዳል። የወር ሥራዋ ነበር። አለቀሰች። እኔ ምን አልኩ? ሁሉም ቤት የሚባለውን። «ተይው፣ እሱ አያውቅም። አንቺ ታውቂያለሽ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «እኔስ መቼ ነው የማላውቀው?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም። ልጅ ማለት እኮ ለተወሰነ ጊዜ እንዳያውቅ የተፈቀደለት ሰው ነው። ለእሷ ያን ፈቃድ የነጠቅናት ወንድሟ 3 ዓመት ሲሞላው ነው፤ እሷ 7 ነበረች። አሁን እሱ ባለበት ዕድሜ ማለት ነው።

ሌላም ቃል አለ። እንግዳ ሲመጣ «ጤነኛዋ ይቺ ናት» እንላለን። እሱ በሽተኛ ተባለ፤ ይህ አንድ ጥፋት ነው። እሷ ደግሞ ጤነኛ ተባለች፤ ይህ ሁለተኛው ነው፣ ሰው የማያየው። ጤነኛ ከተባልሽ ሆድሽን ሊያምሽ አይችልም። ፈተና ልትወድቂ አትችይም። የእኛዋ ባለፈው ዓመት ለሁለት ሳምንት ያህል ራሷን እያመማት ዝም ብላለች። ለምን አልነገርሽንም ስንላት «እናንተ ሥራ አለባችሁ» አለች። ሥራው ወንድሟ ነው።

ምስጢሩ ነገሩን ያባብሰዋል። ከላይ ባልኩት ጥናት ከተጠየቁት 45 ከመቶ የሚሆኑት በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ ተናግረዋል። ከ4 አንዱ የሚበልጡት ደግሞ ለመደበቅ ይጥራሉ። ትልቅ ሰው ሲደብቅ ልጅ አብሮ ይደብቃል፣ ምን እንደሚደብቅ እንኳን ሳያውቅ። ጓደኛ ወደ ቤት አይመጣም። ልደት አይከበርም። ልጅ ያልተነገረውን ነገር ደግሞ ራሱ ይሞላዋል፤ የሚሞላው ሁልጊዜ ከእውነቱ የከፋ ነው።

እኛ ቤት ይህ ሆነ። አያታቸው «ይህ ልጅ ሕፃን ሆኖ ወድቆ ነው» ይላሉ። በቅንነት ነው፤ ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል። ጥናቱ ላይም ከ10 ሰዎች 3 ያህሉ ምክንያቱ የጭንቅላት ጉዳት ነው ብለዋል። ከዚያ የሚበልጡት፣ ከ10 አራቱ፣ መንፈስ ነው ብለዋል። እኔ የእማማን አባባል እንደ ወግ አልፌው ነበር። አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ በሻማ ተቀምጠን ትልቋ በጣም ቀስ ብላ «አባዬ፣ እኔ ከአልጋ ስለጣልኩት ነው አይደል?» አለችኝ። ወንድሟ የ8 ወር ልጅ ሳለ አልጋ ላይ ሲጫወቱ ተንሸራቶ ወድቋል። ምንጣፍ ላይ ነው። ምንም አልሆነም። እኔ ጭራሽ ረስቼዋለሁ። እሷ 6 ዓመት ይዛው ኖራለች።

ያን ማታ ነው ቁጭ ብዬ ያስረዳኋት። መጽሐፍ አላነበብኩላትም። «አንጎሉ ገና ሆድ ውስጥ እያለ ነው በሌላ መንገድ መሠራት የጀመረው። አንቺ አልጣልሽውም። ብትጥይውም ኦቲዝም አይመጣም። እኛም አላደረግነውም» አልኳት። «ይድናል?» አለች። «በሽታ ስላልሆነ አይድንም፤ ግን ይማራል፣ ያድጋል» አልኳት። ትንሽ አሰበች። «እሺ፣ ለእማማ ንገራቸው» አለችኝ። ነገርኳቸው። አሁንም «ወድቆ ነው» ይላሉ፤ ግን እሷ ሳትሰማ።

ጠበልም ሄደናል። ሌሊት 10 ሰዓት ተነስተን፣ ሁለቱንም ይዘን። እምነትን ከሕክምና ጋር ማጣላት አልፈልግም፤ አብዛኛው ቤተሰብ ሁለቱንም ይይዛል። የምለው አንድ ነገር ነው። እዚያ ልጅ ሲጮህ፣ ሲለፈልፍ፣ «ልቀቅ» ሲባል ዳር ቆማ የምታይ ሌላ ልጅ አለች። ያየችውን የሚያስረዳት ሰው ያስፈልጋታል።

ጥናት የሚያነቡ ሰዎች «ታዲያ እህት ወንድሞቹ ይጎዳሉ ወይስ አይጎዱም?» ይላሉ። መልሱ አንድ አይደለም። አንዳንድ ጥናቶች ላይ ጭንቀትና ብቸኝነት ከሌሎች ልጆች ከፍ ብሎ ይታያል። ሌሎቹ ላይ ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ይባስ ብሎ ርኅራኄና ትዕግሥት ጎልቶ የወጣባቸውም አሉ። እኔ ይህ የመጨረሻው ያሰጋኛል። ውሸት ነው አልልም፤ ልጄን ስላየሁ አምናለሁ። ግን ወላጅ ሲሰማው «እንኳን ደስ ያለን፣ ችግሩ ለእሷ ጠቅሟታል» ብሎ ይተኛበታል።

ሌላ መነገር ያለበት ነገር አለ። ኦቲዝም በቤተሰብ ውስጥ የመደጋገም ዕድል አለው። በ2011ም በ2024ም የወጡ ትልልቅ ጥናቶች፣ ኦቲዝም ካለበት ልጅ በኋላ ከሚወለዱት ከ5 አንዱ ያህል ኦቲዝም እንደሚኖርበት አሳይተዋል። ለማስፈራራት አይደለም፤ 5 ተወልደው 4ቱ የላቸውም ማለትም ነው። ግን የሚከተለውን ልጅ ቶሎ ማየት ይጠቅማል። በተለይ ሴት ከሆነች። በምርመራ የሚገኙት በአብዛኛው ወንዶች ናቸው፤ ሴቶቹ ሌላውን አይተው መምሰል ስለሚችሉበት ብዙ ጊዜ ይታለፋሉ። «ዝምተኛ ናት፣ ጨዋ ናት» እየተባለች ያደገች ስንት አለች።

ውጭ ያሉ ዘመዶች ይደውላሉ። «ይዛችሁት ኑ፣ እዚህ ሁሉ ነገር አለ።» እውነት አላቸው። አሜሪካ ውስጥ ሕጉ ልጁን ከ3 ዓመቱ ጀምሮ እስከ 21 ዓመቱ በመንግሥት ትምህርት ቤት በነፃ እንዲማር ያስገድዳል። እዚያም ቢሆን ግን የሐበሻ ቤት ትልቅ ልጅ ከሥራ አይድንም። ወላጅ እንግሊዝኛው ካልሰላ ስብሰባው ላይ የሚያስተረጉመው ማን ነው? የ12 ዓመት እህት ስለ ወንድሟ ድክመት መምህር የሚናገረውን ለእናቷ በአማርኛ እየመለሰች መቀመጥ የለባትም። ትምህርት ቤቱ አስተርጓሚ ማቅረብ ግዴታው ነው። እዚያ ያላችሁ ጠይቁ፤ ውለታ አይደለም።

ሁላችንም የማንናገረው ደግሞ አለ፤ ከእኛ በኋላስ? ማንም ወረቀት ላይ አላሰፈረውም፣ ግን ኑዛዜው ተጽፎ አልቋል። «እሷ አለችለት።» ለ11 ዓመት ልጅ ይህ ምርቃት ሳይሆን የ50 ዓመት ውል ነው። ትወደዋለች፣ አውቃለሁ። ልትጠብቀው ትፈልግ ይሆናል። ግን መፈለጓ እንዲታወቅ አለመፈለግም የምትችልበት በር ክፍት መሆን አለበት። ከአቅም በላይ አይደለም፤ ከአክስት ከአጎት ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር፣ ትንሽም ቢሆን በስሙ መቆጠብ፣ ልጁ ራሱን ችሎ ሽንት ቤት እንዲሄድ፣ ዳቦውን እንዲቆርስ ማስተማር። አንድ ልጅ ማሰሪያ የሌለው ጫማ ራሱ ማድረግ ሲችል እህቱ በቀን 10 ደቂቃ ታገኛለች።

የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና የሚያስተምረው በአብዛኛው ይህንኑ ነው፤ 9 የቡድን ትምህርትና 3 የቤት ጉብኝት። አዲስ አበባም ገጠርም ተሞክሯል። ሐኪም የሚያደርገው አይደለም፤ ማንኪያ እየለዩ፣ ልብስ እያጠፉ ከልጁ ጋር መሥራት ነው። ቢስፋፋ ኖሮ ብዙ እህቶችን ያሳርፍ ነበር። እኔ ከሰው ሰምቼ የራሴን ሞከርኩ። ትንሹ አሁን ማንኪያና ሹካ ይለያል፣ ከእኔ በተሻለ።

እንድነቃ ያደረገኝ ግን ሥልጠናም ጥናትም አልነበረም። ባለፈው ክረምት ቤታችን እንግዳ ነበር። ቡና ሊፈላ ነው። እናቷ ወጥ ቤት ናት። እኔ ወሬ ይዣለሁ። ትንሹ መነጫነጭ ጀመረ። አንገቴን እንኳን ሳላዞር «ወንድምሽን ያዢው» አልኩ። ትልቋ የምታነበውን መጽሐፍ ዘጋች። ተነሳች። በጣም ጸጥ ባለ ድምፅ «ወራጅ አለ» አለችና በሩን ከፍታ ወጣች። ደረጃው ላይ፣ ጨለማ ውስጥ ተቀምጣ አገኘኋት። የሳቀ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ያደረግናቸው ነገሮች ትልቅ አይደሉም። አንድ መሳቢያ ቁልፍ ተገዛለት፤ ደብተሯ እዚያ ይገባል፣ ቁልፉ አንገቷ ላይ ነው። ሹራቡንና ፓስታውን እኔ ወሰድኩ። መጀመሪያ ሳምንት ሳህኑን ተሳስቼ ቤቱ ተናጋ፤ እሷ ልትነሳ ስትል «ተቀመጪ» አልኳት። «ጠላሁት» ማለት ተፈቅዷል። ስትል «ወንድምሽ እኮ ነው» አንልም፤ «ዛሬ ከባድ ነበር» እንላለን። ከባዱ ይህ ነበር፤ ምላሴ ላይ ያለው ሌላ ነውና።

ቅዳሜ ከሰዓት የእሷ ነው። እኔና እሷ ብቻ። መጀመሪያ ቀን ጁስ ቤት ይዣት ሄድኩ። ስፕሪስ አዘዘች። አቮካዶውን ከማንጎው ሳይቀላቀል በማንኪያ እየጫረች ሩብ ሰዓት ያህል ዝም አለች። ከዚያ ስለ አንዲት ጓደኛዋ ጀመረች፤ ተኳርፈዋል፣ ምክንያቱ የላስቲክ ጨዋታ ነው፣ ማን ቀድሞ እንደነካ አልተስማሙም። አንድ ሰዓት ሙሉ አወራችኝ። ስለ ወንድሟ አንዲት ቃል አልነበረበትም።

ቤት ስንገባ ትንሹ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ይወዛወዛል። እህቱን አየና «ጠጋ ጠጋ በሉ» አላት። «አሁን አይደለም» አለችውና ወደ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። በሩን አየው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ጠጋ ጠጋ በሉ።»

ጫማዬን አወለቅኩና ተጠጋሁ።